ለጣና ጀልባ፦ ሁለት ባለ 200 ቤንዚን ከኋላ ወይስ አንድ ናፍጣ ከውስጥ?

ጥያቄው ከባሕር ዳር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «12 ሜትር የምትረዝም የፋይበር ጀልባ ላሠራ ነው። ከሠራተኞቹ ጋር 32 ሰው ትጭናለች። ሥራዋ ቱሪስትና ተሳላሚ ወደ ዘጌ ገዳማት ማመላለስ ነው፤ አልፎ አልፎ ደቅ ደሴትና ጎርጎራም ትሄዳለች። ዱባይ ያለው ወንድሜ ሁለት ባለ 200 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን አውትቦርድ ከኋላ ስቀልባት፣ አሁን ትልልቅ ጀልባ ሁሉ በዚያ ነው የሚሄደው ይለኛል። ጀልባ ሠሪው ግን ናፍጣ ሞተር ከውስጥ ይግባላት ይላል። መካኒክ ጓደኛዬ ደግሞ ያገለገለ የአይሱዙ ሞተር ገዝተን እንግጠም አለኝ። ማንን ልስማ?»

ጀልባ ሠሪውን ስማ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው አንድ ናፍጣ ሞተር ነው፣ ከውስጥ ገብቶ፣ በቀጥታ ሻፍት (ፕሮፔለሩን በሚያዞረው ዘንግ)። ወንድምህ ያየው ነገር እውነት ነው፤ ግን ያየው ሌላ ሥራ የሚሠሩ ጀልባዎችን ነው። የመካኒኩ ጓደኛህ ሐሳብ ግማሹ ትክክል ነው፣ ግማሹ ሰው ያቃጥላል።

ጥያቄህ ውስጥ ዋናው ቁጥር ጎድሏል። ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚባል ነገርከኝ፤ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር መሄድ እንደምትፈልግ ግን አልነገርከኝም። ሞተር የሚመረጠው ከዚያ ተነስቶ ነው። መኪና ጉልበት ሲጨመርለት ይፈጥናል። ጀልባ ግን ውኃ እየገፋች ስትሄድ ራሷ የፈጠረችው ማዕበል ይይዛታል። ከፊቷ አንድ ጉብታ፣ ከኋላዋ አንድ ጉብታ፣ እሷ መሃል ጎድጓዳው ውስጥ። የፊቱን ጉብታ ወጥታ ውኃው ላይ ለመንሸራተት ወይ በጣም ቀላል መሆን አለባት፣ ወይ በጣም ብዙ ጉልበት ያስፈልጋታል። ሳትንሸራተት፣ ውኃ እየገፋች የምትሄድበት ፍጥነት ጣሪያው የሚሰላው በርዝመቷ ነው። ውኃው ላይ የሚያርፈውን ርዝመት በሜትር ትወስድና ስኩዌር ሩቱን በ2.43 ታባዛለህ፤ መልሱ በኖት፣ በጀልባ ፍጥነት መለኪያ፣ ይመጣል። ያንተዋ ውኃ ላይ 11 ሜትር ብታርፍ ጣሪያዋ 8 ኖት ነው። በሰዓት ወደ 15 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ክብደቷን እንጨምርበት። 32 ሰው ብቻውን ከ2 ቶን ይበልጣል። ነዳጅ፣ ወንበር፣ ጣሪያ፣ ሞተር ሲጨመር ሙሉ ጭነቷ 8 ቶን ቢሆን አይግረምህ። 8 ቶን የምትመዝን ጀልባ በ7 እና በ8 ኖት መካከል ለመሄድ ውኃው ጸጥ ባለበት ከ25 እስከ 35 የፈረስ ጉልበት ይበቃታል። ነፋስና ማዕበል ሲመጣ 40 ወይም 50 በል። ያው ጀልባ በ25 ኖት ትንሸራተት ካልክ ግን ወደ 500 የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል። እንግዲህ የሁለቱ አውትቦርድ 400 የት እንደወደቀ እየው። ለዝግታው አሥር እጥፍ ተርፏል፣ ለፍጥነቱ ደግሞ ጎድሏል። ሙሉ ሰው ጭነህ ጋዙን እስከ መጨረሻው ስትሰጠው አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይነሳል፣ ኋላዋ ይሰምጣል፣ በሰዓት ከ100 ሊትር በላይ ቤንዚን ይነዳል።

ይህ ሁሉ ደግሞ በባሕር ወለል ላይ ሲሰላ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፣ ምክንያቱም አየሩ ሳሳ ብሏል። በጣና ከፍታ ይህ ሲደመር ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። ዱባይ ላይ 400 የነበረው ባሕር ዳር ሲደርስ 330 ሆኖ ይገኛል። ይህን ወንድምህ ሊያውቅ አይችልም፤ እሱ ያለበት ባሕር ዜሮ ሜትር ላይ ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ አየሩን ራሱ ጨምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው በጣም ያነሰ ነው። ያነሰ እንጂ ዜሮ አይደለም፤ ስለዚህ ሻጩን በ1,800 ሜትር ስንት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ጠይቀው። ከፍታው ሌላም ነገር ይነካል። ጣና ላይ ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የማቀዝቀዣው ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ሞተሩ ሳይግል ውኃው ሊፈላ ይችላል። ርካሽ ክዳን ችላ ተብሎ ሞተር ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል።

ታዲያ የአሜሪካዋ ፍሎሪዳና ዱባይ ያለችበት ባሕረ ሰላጤ ለምን ወደ አውትቦርድ ሄዱ? በቂ ምክንያት አላቸው። የአሜሪካው ሞተር ሠሪ ሜርኩሪ በ2021 (በፈረንጆች) ባለ 12 ሲሊንደር፣ 7.6 ሊትር፣ 600 የፈረስ ጉልበት አውትቦርድ አወጣ። ድሮ ከውስጥ ትልቅ ናፍጣ ካልገባላቸው የማይንቀሳቀሱ ጀልባዎች አሁን ከኋላ ሦስት አራት አውትቦርድ ተሸክመው ይበራሉ። የጀልባው ሆድ ለመኝታና ለዕቃ ነጻ ይሆናል። ሞተሩ ሲሠራ ውሎ ከጨው ውኃ ይነሳል፤ ጨው ብረት ስለሚበላ ይህ ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ሲበላሽም ተፈቶ ሌላ ይታሰራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቶቹ በዓመት 100 ሰዓት ቢነዱት ነው። ቅዳሜና እሁድ ይወጣሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ይመለሳሉ። ለ100 ሰዓት ብሎ ናፍጣ ሞተር መግዛት ገንዘቡን አይመልስም። እነሱ ትክክል ናቸው።

አንተ ግን በቀን 4 ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን ብትሠራ 1,000 ሰዓት ነው። የእነሱን አሥር ዓመት በአንድ ዓመት ትጨርሰዋለህ። የቤንዚን አውትቦርድ በዝግታ ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ሲሶ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ናፍጣ ከአንድ አምስተኛ ሊትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በ40 የፈረስ ጉልበት ሲሰላ ቤንዚኑ 14፣ ናፍጣው 9 ሊትር ይሆናል። ልዩነቱ በሰዓት 5 ሊትር፣ በዓመት 5,000 ሊትር። ይህ ግምት ነው፣ ያንተ ጀልባ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግን እውነተኛው ልዩነት ከዚህ የሚበልጥ ይመስለኛል። ምክንያቱ ፕሮፔለሩ ነው። ባለ 200 አውትቦርድ ትንሽና ፈጣን ፕሮፔለር ነው የሚያዞረው፣ ወርዱ 15 ኢንች ገደማ። የተሠራው ቀላል ጀልባ ለማብረር ነው። ናፍጣ ሞተር ግን በካምቢዮው ዙሩን በሁለት ወይም በሁለት ተኩል አካፍሎ ከ20 ኢንች በላይ የሆነ ፕሮፔለር በዝግታ ያዞራል። ከባድ ነገር በዝግታ ለመግፋት ትልቅና ዝግ ያለ ፕሮፔለር ሁልጊዜ ያሸንፋል። ቡና በሻይ ማንኪያ ከማማሰልና በትልቅ ማንኪያ ከማማሰል ጋር አንድ ነው፤ ሻይ ማንኪያውን ብታፈጥነውም የሚያንቀሳቅሰው ውኃ ትንሽ ነው።

«አውትቦርድ ሆኖ ናፍጣ የለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አለ። የእንግሊዙ ኮክስ ባለ 300 ሠርቷል፣ የስዊድኑ ኦክሴ ከ125 እስከ 300 ድረስ ሠርቷል፣ ያንማርም ባለ 50 አውጥቶ ነበር። ጥሩ ኢንጂነሪንግ ነው። ግን ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፣ መለዋወጫና የሰለጠነ ሰው ባሕር ዳር ላይ አታገኝም። አንድ ሴንሰር ሲሄድ ጀልባህ ለወር ትቆማለች። እርሳው።

ወደ አይሱዙው ልምጣ። ጓደኛህ ትክክል የሆነበት ነገር ትልቅ ነው። አገር ውስጥ መካኒክ የሚያውቀው፣ ፊልትሮውም ቺንጋውም ሞተሪኖውም በየሱቁ የሚገኝ ሞተር ከማንም ካታሎግ ይበልጣል። የተሳሳተው የመኪና ሞተር አውጥቶ ጀልባ ውስጥ ማስቀመጥ ሥራው ያለቀ የመሰለው ላይ ነው። መኪና ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ መብራት ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ያርፋል። ጀልባ ቁልቁለት የላትም። ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣውን ዳገት አስብ፤ ጀልባህ ጠዋት ከተነሳች እስክትመለስ ያንን ዳገት ሳታቋርጥ እየወጣች ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች አንዱን ሞተር በተለያየ ደረጃ የሚሸጡት። ቮልቮ ፔንታን ብንወስድ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። ደረጃ 1 የሚባለው ቀን ከሌት ለሚሠራ ነው፣ ደረጃ 5 ለመዝናኛ፣ በዓመት እስከ 300 ሰዓት ብቻ። ስለዚህ «ባለ 150 ናፍጣ» ሲሉህ ወዲያው በየትኛው ደረጃ ብለህ ጠይቅ። የመዝናኛ ደረጃ ያለውን ርካሽ ብለህ ከገዛህ ሁለት ዓመት አያገለግልህም።

ከዚያ የባሰው እሳት ነው። የመኪና ሞተር የጭስ መውጫው ራሱ ቀልቶ ሊግል ይችላል፤ መኪና ላይ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። ጀልባ ውስጥ ግን በእንጨትና በፋይበር ሳጥን ተዘግቶ ነው የሚሠራው። የጀልባ ሞተር የጭስ ማሰባሰቢያው ዙሪያውን ውኃ የሚዞርበት ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ማርሚታም በሙቀት መከላከያ ይጠቀለላል። ይህ ሳይሟላ ሰው አሳፍሮ መውጣት ወንጀል ነው ብዬ ነው የማምነው። ስለዚህ የመኪናውን ሞተር ዘመድ ግዛ፣ ግን ፋብሪካው ራሱ ለጀልባ ያዘጋጀውን፣ ከነካምቢዮውና ከነማቀዝቀዣው። ምርጫ ካገኘህ ደግሞ ኮምፒውተር የሌለበት፣ ፖምፑ ሜካኒካል የሆነ ይሁን። ናፍጣችን ውኃና ቆሻሻ አያጣውም፤ የዘመኑ ኮመን ሬል ኖዝል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው) ደግሞ ትንሽ ውኃ አይምርም። የትኛውንም ብትገዛ ከሰልባትዮው ቀጥሎ ውኃ የሚለይ ፊልትሮ ሁለት ጎን ለጎን አስገጥም። አንዱ ሲዘጋ መንገድ ላይ ወደ ሌላው ታዞራለህ።

አሁን ጣና ራሱ የሚያመጣው ጣጣ አለ፣ እዚህ ላይ ነው ጀልባ ሠሪህን በደንብ ማነጋገር ያለብህ። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ዳር ዳሩ በጣም ያነሰ። ክረምት ላይ ወንዞቹ ጭቃ ያመጣሉ። በዚያ ላይ ከ2011 (በፈረንጆች) ጀምሮ እምቦጭ አለ። ከሐይቁ ውኃ ስቦ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ አውትቦርድም ሆነ ከውስጥ የሚገባው (ኢንቦርድ)፣ ጭቃውን ይጠጣል፣ ሥሩን ይስባል። ውኃ መሳቢያው የጎማ ክንፍ ቶሎ ያልቃል፣ ቀዳዳው ይዘጋል፣ ሞተሩ ይግላል። አውትቦርድ አንድ ጥቅም እንዳለው አልክድም፦ ቁልፍ ተጭነህ ወደ ላይ ታነሳውና እምቦጩን በእጅህ ፈትተህ ትሄዳለህ። ሻፍት ላይ የተጠመጠመ ግን ሰው ጠልቆ ካልፈታው አይወጣም።

መፍትሔ አለው። አንደኛ፣ የሐይቁ ውኃ ሞተሩ ውስጥ ጭራሽ እንዳይገባ አድርግ። ኪል ኩሊንግ ይባላል። ከጀልባዋ ሆድ ሥር በውጭ በኩል ቱቦ ይዘረጋል፣ ሞተሩ የራሱን ንጹሕ ውኃ በዚያ ውስጥ እያዞረ ያቀዘቅዛል። ጭቃ የለ፣ ሥር የለ፣ የሚዘጋ ቀዳዳ የለ። ጭሱ በደረቅ ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል። ቱቦው የሚሰላው ሐይቁ በጣም በሚሞቅበት ጊዜ፣ ጀልባዋ በዝግታ ስትሄድ ነው፤ ትንሽ ተለቅ ብሎ ይሠራ። ሁለተኛ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ወለሉ ላይ ክዳን ያለው መፈተሻ ይኑር። የእንግሊዝ የቦይ ጀልባዎች ላይ የተለመደ ነው። ሞተር ታጠፋለህ፣ ቁልፍ ታወጣለህ፣ ክዳኑን ከፍተህ እጅህን ሰድደህ ሣሩን ትቆርጣለህ። የመፈተሻው ግድግዳ ከውኃው መስመር በላይ ከፍ ያለ መሆን አለበት፣ ክዳኑም በደንብ መታሰር አለበት። ሳይታሰር ተረስቶ የሰጠሙ ጀልባዎች አሉ። ሦስተኛ፣ ሻፍቱና ፕሮፔለሩ ከጀልባዋ አከርካሪ በታች እንዳይወጡ፣ ከፕሮፔለሩ ሥርም የብረት ጫማ ይኑር። በጋው ሲያልቅ ውኃው ይጎድላል፣ ክረምት ላይ ያልነበረ ድንጋይ ብቅ ይላል።

ስለ ቤንዚን ሁለት ነገር ልበልና እንለፈው። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይቀጣጠላል፣ ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ወርዶ ወለሉ ሥር ይተኛል። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ እንዲህ አይሆንም። 32 ሰው ከላይ ተቀምጦ ከሥሩ ትልቅ የቤንዚን ሰልባትዮ፣ አጠገቡ ጀሪካን፣ እዚያው ሲጋራ የሚለኩስ ሰው። ሌላው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጣሪያና የጎን ሸራ ያላት ጀልባ በዝግታ ስትሄድ የኋላው ጭስ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። የቤንዚን ሞተር ከናፍጣ በጣም የበለጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታም የለውም። የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ደክሞት ይሁን ተመርዞ ማንም አያውቅም።

ናፍጣው ያለ ችግር ነው አላልኩም። ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል። ቱሪስት የመጣው ወፍ ሊሰማ ነው። በጎማ እግር ላይ አሳርፈው፣ ሳጥኑን ድምፅ በሚይዝ ነገር ሸፍን፣ ሻፍቱ ከካምቢዮው ጋር ልክ መገጠሙን ጀልባዋ ውኃ ላይ ካረፈች በኋላ እንደገና አስለካ። መሃል ላይ ቦታ ይይዝብሃል፣ አራት ወንበር ታጣለህ። በሌላ በኩል ያ ክብደት መሃልና ዝቅ ብሎ መቀመጡ ጀልባዋን ያረጋጋታል። ሁለት ባለ 200 አውትቦርድ 450 ኪሎ ያህል ነው፣ ሁሉም ኋላ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ልዩነቱን ታየዋለህ።

አንድ ሞተር ከተበላሸስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሁለት አውትቦርድ የሚሉት ሰዎች ጠንካራ ክርክራቸውም ይህ ነው። መልሱ ግን ሁለት ትልቅ አይደለም። ከኋላ በኩል ባለ 15 ወይም 25 ትንሽ አውትቦርድ፣ ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ጉልበት የሚሰጥ ዓይነት፣ ከራሱ ትንሽ ጋን ጋር። በ4 ኖት ወደ ዳር ታደርስሃለች። በወር አንድ ጊዜ አስነሳት፣ ያልተነሳ ሞተር በክፉ ቀን አይነሳም።

ስለዚህ ግዛ የምልህ ይህን ነው፦ ከ90 እስከ 120 የፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ ያለው፣ ለከባድ ሥራ ደረጃ የተሰጠው ናፍጣ፣ ኪል ኩሊንግ፣ ሁለት ለአንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚያካፍል ካምቢዮ። የሚያስፈልግህ 50 ሆኖ 100 የምልህ ሞተሩ ሳይጨነቅ እንዲሠራና ነፋስ ሲመጣ ትርፍ እንዲኖርህ ነው። ጎርጎራ በዚህ ፍጥነት ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ጠዋት በጊዜ ተነሳ። ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ያን ሰዓት ማንም ቱሪስት አይቆጭበትም። ሐሳቤን የምቀይረው ሥራህ ሌላ ከሆነ ነው፤ ለምሳሌ በሽተኛ ከደሴት ማመላለስ ወይም ነፍስ አድን። ያኔ ግን ጀልባዋም አጭርና ቀላል ትሁን፣ አውትቦርዱ ተገቢ ነው።

ፍጥነቱን ስታስብ ታንኳዎቹን አትርሳ። ከ8 ቶን ጀልባ ኋላ የሚነሳ ማዕበል፣ በተለይ አፍንጫዋን አንስታ ግማሽ በግማሽ ስትሮጥ የሚፈጠረው፣ እንጨት የጫነች የደንገል ታንኳ ይገለብጣል። እነዚያ ሰዎች ሐይቁ ላይ ካንተም ከእኔም በፊት ነበሩ።

የመጨረሻው ክፍያ ሳይከፈል የሚደረግ አንድ ፈተና አለ። ባሕረ ሰላጤው ላይ ስሠራ አዲስ ጀልባ ተረክበን፣ ሁላችንም ደስ ብሎን፣ ይህን ሳንፈትሽ ቀረን። ሞተሩ 2,800 ዙር መድረስ ሲገባው 2,500 ላይ ይቆም ነበር። ፕሮፔለሩ ከብዶታል። ጥቁር ጭስ ስናይ «አዲስ ስለሆነ ነው» አልን። 900 ሰዓት ሳይሞላው ቫልቮቹ ተቃጠሉ። ስለዚህ 32 ሰው የሚያህል አሸዋ በጆንያ ጫን፣ ሰልባትዮውን ሙላ፣ እዚያው ጣና ላይ ውጣና ጋዙን ሙሉ ስጥ። ሞተሩ ፋብሪካው የጻፈለትን ዙር ካልደረሰ ፕሮፔለሩ ይቀየር ወይም ይስተካከል፣ በሠሪው ወጪ። ይህ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ከመፈረምህ በፊት።